ዛሬ ከልጅዎ ጋር ማን በላ?

አንድ በያጅ ነበረ። በርና መስኮት ሲበይድ ይውላል። ሚስቱ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ፈረቃዋ የከሰዓት ስለሆነ ልጃቸውን ማታ የሚያበላው እሱ ነው። የእሱን ነገር የምነግርሽ ስለ ጥያቄሽ ነው። «ሲስተር፣ ስልኩ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ልጄ ግን አልበላ አለ። ከዚህ የተሻለ ሌላ አፕ የለም ወይ?» አልሽኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ስመዝን የኖርኩ ነርስ ነኝ። ስለ አፕ ብዙ አላውቅም። የማውቀው ይህን ሰው ነው።

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። ከብስኩትና ከሻይ በቀር የሚገባላት ነገር የለም። ወደ ጤና ጣቢያችን ሲያመጣት ደሟ አንሶ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። መዘንኳት፤ አሥራ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሐኪሙ የደም ማነስ ሽሮፕ አዘዘላት። በዚያው ሰሞን ለወላጆች የሚሆን የልጆች አመጋገብ አፕ መጥቶልን ነበርና ስልኩ ላይ ጫንኩለት። ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚሠራላት ይነግረዋል። ማታ ያቀረበላትን ሳህን ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ ጥቂት ጥያቄዎችም ይመልሳል። እኛ ከዚህ ሆነን እናየዋለን።

ሰውየው ትጉ ነበር። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ሲበይድ ይውልና ዓይኑ ቀልቶ ወደ ቤት ይገባል። ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጎመን ይከትፋል፤ እንቁላል ይቀቅላል፤ ምስር ይጥዳል። አፑ ሳህኑ ቀለም ይኑረው ሲለው ካሮትና ቀይ ሥር ጨመረበት። አቅርቦ ፎቶ ሲልክ ስልኩ «ጎበዝ» ይለውና አንድ ኮከብ ይሰጠዋል። ከጥያቄዎቹ መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ነበረች፦ «ዛሬ ከልጅዎ ጋር አብሮ የበላ ማን ነው?» የምትል። እሷን ሁልጊዜ «እለፍ» የሚለውን ነክቶ ያልፋታል። እሱ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ምግብ ቤት በልቶ ነው የሚመጣው። ሳህኑን ለልጅቷ ትቶ አልጋው ላይ ጋደም ይላል። ማን ይፈርድበታል? ደክሞታል።

በሁለት ወሩ ልጅቷን ይዟት መጣ። መዝገቡን ስከፍት ሃምሳ ስምንት ኮከብ አለው። በሰው ፊት አመሰገንኩት፤ ሌሎቹም ወላጆች እንደ እሱ እንዲሆኑ ነገርኳቸው። ከዚያ ልጅቷን ሚዛን ላይ አቆምኳት። ግማሽ ኪሎ ቀንሳለች። ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ መዘንኳት፤ ያው ነው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። የዋሸው ነገር አልነበረም፤ ያቀረበውን ነው የላከው። ከሳህኑ ምን ያህል እንደተረፈ ግን የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ያን ቀን ማታ እንደ ልማዱ ምግብ ሠራ፤ አቀረበ፤ ፎቶ አነሣ። አልጋደመም ግን። ቆሞ አያት። ልጅቷ ሳህኑን ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«ፎቶው ተነሣ አይደል?» አለችው። «አሁን ብስኩቴን ስጠኝ።»

እያፌዘችበት አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ያየችው ይህንኑ ነው፤ ምግቡ ለስልኩ፣ ብስኩቱ ለእሷ። እሱም እያለቀሰች እንዳታስቸግረው በየቀኑ ሰጥቷታል።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ስልኩን ቢያይ ያቺ ጥያቄ ተከፍታ ትጠብቀዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ «ማንም» ብሎ ጻፈ። ስልኩም «ነገ አንድ ጉርሻም ቢሆን አብረው ይብሉ» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ነገን አልጠበቀም። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አኖረና ከልጁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ጎመኑን መብላት ጀመረ። ጎመን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም። ልጅቷ አፉን አፉን ታያለች።

«ይጣፍጣል?» አለችው።

«ብዙም አይደለም» አላት።

በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። እውነቱን መሆኑን አይታ ፊቷን አጨማደደች። ግን ዋጠችው።

ያን ቀን የዋጠችው ያችኑ ብቻ ነው። በማግሥቱ ያችም አልገባላትም። ብስኩት ወደ ቤት ማምጣቱን ሲተው ሦስት ቀን አለቀሰችበት፤ ጎረቤት እንኳ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ምግብ ቤት መብላቱን ትቶ እየራበው መግባት ጀመረ። አንዳንድ ቀን ገበታው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እናቲቱም በእረፍት ቀኗ አብራቸው ትቀመጣለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ አራት ወር ቆዩ። መጥታ ስመዝናት ሰባት መቶ ግራም ጨምራለች። አስቢው፤ ከመጀመሪያው ቀን የምትበልጠው በሁለት መቶ ግራም ነው። የዚያ ሁሉ ድካም ዋጋ ያቺ ናት። አባቷ ግን ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆየ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። የላክሻቸውን ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ፤ ሳህንሽ ያማረ ነው። ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ ግን አንቺም ሁልጊዜ ታልፊያታለሽ። ሥራ ውለሽ ገብተሽ ያን ሁሉ ማብሰልሽን ሳስብ አዝንልሻለሁ እንጂ አልወቅስሽም። እኔም ሰውየውን በኮከቡ ያመሰገንኩ ነኝ፤ ከአንቺ አልሻልም። አፑን አትጣይው። ምን እንደምትሠሪ በደንብ ይነግርሻል፤ መጠየቅ ያለበትንም ጠይቆሻል። ሌላ ብጭንልሽም የሚልሽ ይህንኑ ነው። ስልክ ያስታውስሻል እንጂ አይጎርስልሽም። ልጅም የሚበላው የታዘዘለትን ሳይሆን ሰው ሲበላ ያየውን ነው።

ዛሬም ደክሞሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ። ደክሞሽም ቢሆን አጠገቡ ተቀመጪና ብዪ። እሱ ባይበላም አንቺ ብዪ። ነገም እንደዚሁ።