የዶቅማ መንገድ ሙግት

አንድ ጊዜ፣ በጫካው መሀል የሚገኘው ዶቅማ መንገድ የሚባል የገበያ ጎዳና ጭር አለ። እንስሳቱ አዲስ በተከፈተው የወንዝ ዳር መንገድ መመላለስ ጀምረው አሮጌውን ረስተውት ነበር። ጨው ሻጯ እትዬ አህዪት ግን ሱቋን ትታ አልሄደችም። እናቷ እዚያው ሸጣ ነው ያሳደገቻት፤ ሌላ የምታውቀው ሥራም የላትም። ጠዋት ትከፍታለች፣ ደጇን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ዝንብ እሽ ስትል ትውላለች።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። ከእህል እስከ ምንጣፍ ሁሉን ባንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጠው ባለጸጋው ዝሆን፣ ሌላ ትልቅ መደብር የሚከፍትበት ቦታ እያፈላለገ ነው ተባለ። ዶቅማ መንገድንም ሳያስብ አልቀረም ተባለ። አያ አንበሶ ነጋዴዎቹን ሁሉ ኮረብታው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰበና «ይምጣ ወይስ አይምጣ? ተነጋገሩ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይምጣ!» አለ አያ ጅቦ። «እሱ ሲመጣ ገዢ ይመጣል። የሱ ገዢዎች ደግሞ ወፍራም ወፍራሞች ናቸው።»

እትዬ አህዪት ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ኧረ ስለ ንግድ ነው የማወራው» አላት ጅቦ።

«እኔም ስለ ንግድ ብዬ ነው የራቅሁት» አለችው።

«ዝሆን ከመጣ ከእኔ ሙዝ ማን ይገዛል? ያጠፋናል!» አለች ጦጢት።

«ዛሬስ ካንቺ ማን እየገዛ ነው?» አላት ሥራ ሥር ሻጩ ከርከሮ። ጦጢት ተቀየመች። ሙግቱ ጦፈ።

እመት ቀበሮ አልተሟገተችም። ከዋርካው ግንድ ተጠግታ ቆሎና ውሃ ትሸጥ ነበር። ጉሮሮው የደረቀ ሁሉ ከእሷ ይገዛል። ነገሩ ሊያልቅ ሲል ብቻ ጣልቃ ትገባለች። «ይቅርታ፣ ቢመጣስ በግራ በኩል ነው በቀኝ?» ትላለች። ሙግቱ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ለነገም ይተርፋል። ቆሎውም ይሸጣል።

እትዬ አህዪት ይምጣ ባይ ነበረች። ከስብሰባው ከቀረች ድምጿ የሚቀር እየመሰላት በየቀኑ ሱቋን ዘግታ ትወጣለች። አንድ አመሻሽ ላይ ስትመለስ አባባ ኤሊን የተዘጋ በሯን ተደግፎ አገኘችው።

«ምነው አባባ ኤሊ?»

«ጨው ፈልጌ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«አላመመኝም። ገዢ እንዴት እናምጣ እያልን ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

አባባ ኤሊም «መጥቼ ነበር እኮ» አላት።

እትዬ አህዪት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ጨውን ከነምርቃቱ ሰጥታ ሸኘችው። በማግስቱ ወደ ዋርካው አልወጣችም።

በዚያው ሰሞን ዝሆን ራሱ መጣ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ከእትዬ አህዪት ጨው ሱቅ በቀር በሩ ሁሉ ዝግ ነው።

«ሌሎቹ የት ሄዱ?» አላት።

«እርስዎ ይምጡ አይምጡ እያሉ እየተሟገቱ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ሊረታ ነው?»

«እስካሁን ቆሎ ሻጯ።»

ዝሆን ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የምገባው ገበያ ካለበት ነው፤ የሞተ ገበያ አላስነሳም» አለና ጨው ገዝቶ ሄደ።

እትዬ አህዪት ወደ ዋርካው ሮጠች። «ዝሆን መጥቶ፣ በራችን ሁሉ ተዘግቶ አይቶ ሄደ!» አለች እያለከለከች።

«ሥርዓት ይከበር!» አለ አያ ጅቦ። «ይምጣ አይምጣ የሚለው ገና አልተወሰነም።»

«ሳይወሰን መምጣቱስ እንደ መምጣት ይቆጠራል?» አለች ቀበሮ፣ ቆሎ እየሰፈረች።

ጦጢት ግን ተነስታ እትዬ አህዪትን ተከትላ ወረደች። ሙዟንም ከጨው ሱቁ አጠገብ ዘረጋች። ከርከሮም መጣ፤ ከጦጢት ጋር እስካሁን አይነጋገሩም፣ ግን ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አባባ ኤሊ በደረሰበት ሁሉ «ክፍት ነው» እያለ አወራ፤ ወሬው እንደ ራሱ ቀስ ብሎ ቢሄድም ደረሰ። ዶቅማ መንገድ የድሮውን ያህል ባይሆንም ኮቴ ይሰማበት ጀመር። ቀበሮም ገዢዋ ሲሳሳ ቆሎዋን ተሸክማ ወረደች፤ እትዬ አህዪት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ከዋርካው ሥር የቀሩት አያ ጅቦና አያ አንበሶ ብቻ ናቸው። አንበሳው ተኝቷል። ጅቦ ይምጣ እያለ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ትልቁ ነጋዴ መጥቶ ያድነን ይሆን እያልን በራችንን ዘግተን ስንከራከር፣ ደጃችን ድረስ የመጣውን ገዢ እንደምናጣ ነው።