የአቶ አንዳርጌ እንግዳ አበባ

አንድ ቀን አቶ አንዳርጌ የሚባሉ ሰው የሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሳቸው። ሰውዬው የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቢያገኙ ቄሱን ቅዳሴ፣ ሐኪሙን መርፌ መውጋት ከማስተማር አይመለሱም። እግዚአብሔር ሁለት ጆሮና አንድ አፍ ሲሰጣቸው የተሳሳተ ይመስላቸው እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ጆሯቸውን ሥራ አስይዘውት አያውቁም።

በዚያ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በስምንት ቀን አንዴ ነው። ሰው ሁሉ በጀሪካን አጠራቅሞ፣ በጣሳ እየለካ ነው የሚኖር። የአቶ አንዳርጌ ግቢ አጥሩ ዙሪያውን ሰንሰል ነው። የተከለው አትክልተኛቸው ውባንተ ነበር፤ ከመንገድ ዳር ቁራጭ ቁራጩን ሰብሮ አመጣና አፈር ውስጥ ሰክቶ «እንግዲህ የፈጠረህ ያሳድግህ» ብሎ ተወው። በቃ፣ ክረምቱ አጠጣው፣ በጋውንም በጤዛ ቻለው። ፍየል እንኳ አፏን አታነሣበትም። በዚያ ሰሞን ነጭ አበባውን ከላይ እስከ ታች አውጥቶ ንቡ ይርመሰመስበት ነበር።

አቶ አንዳርጌ ግን ይንቁታል። የእሳቸው ኩራት ሳሎኑ በር ላይ በትልቅ ሸክላ የቆመው፣ ስሙን እንኳ ከእሳቸው በቀር የሚጠራው የሌለ የባሕር ማዶ አበባ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ ሲጠጣ ኖሮ አንዲት እንቡጥ አላሳየም።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ተጣሩ።

«ውባንተ!»

«አቤት ጌታዬ።»

«ይህን አበባ ዛሬ በጣሳ እንዳይመስልህ፤ ጀሪካኑን ሙሉ ስጠው። እንግዳ ፊት ጠውልጎ እንዳያዋርደኝ።»

«ጌታዬ፣ የቀረችው ጀሪካን እኮ...»

«ዝም በል! ተክል ሲጠማው ሥሩ ይጮኻል። አንተ አትሰማውም፣ እኔ እሰማዋለሁ።»

«ሰንሰሉስ ጮኾ አያውቅም?»

«እሱ ምኑ አበባ ነው! ሳይለፉበት የሚበቅል ነገር አረም ይባላል። ሰኞ ከነሥሩ ነቅለህ ትጥለዋለህ። እከራከራለሁ ካልክ ደግሞ አራስህን ይዘህ አብረኸው ትወጣለህ!»

የውባንተ ሚስት ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነው፤ የምትተኛውም በዚያው ግቢ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ምን ይበል? በቤቱ የቀረችውን አንዲት ጀሪካን ለአበባው ገለበጠለት።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማኅበርተኞቹ ከነቄሱ መጡ። ገና ከበር እማማ የሻረግ የሚባሉ አንዲት ባልቴት ቆም አሉና «ውይ! ይሄ ሰንሰል እንዴት አምሮበታል እናንተ!» አሉ።

«አይ እማማ፣ እሱስ ሰኞ ይነቀላል። ይልቅ ወዲህ ይመልከቱ» ብለው አቶ አንዳርጌ ወደ ሸክላው ወሰዷቸው።

«ይሄማ ቅጠል ነው፤ አበባው የታለ ልጄ?»

«ይመጣል እማማ፣ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።»

ጸሎቱ ደረሰ፤ ማዕዱ ቀረበ፤ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰበሰበ። አቶ አንዳርጌ ትሕትናቸውን ሊያሳዩ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የእጅ ውሃ ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው አነሡ። ብድግ ቢያደርጉት ቀለላቸው። ዘቅዘቅ ቢያደርጉት ጠብ የሚል የለም። ቄሱ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«በጠላ እንታጠብ ይሆን?» አለ አንዱ ከጥግ።

አቶ አንዳርጌ ደማቸው ፈላ። «ውባንተ! ና ወዲህ! ውሃው የት ገባ? ለአራስህ ወስደኸው ነው አይደል? ሌባ! እንግዳ ፊት ታዋርደኛለህ? አሁኑኑ ጨርቅህን ጠቅልለህ ከግቢዬ ውጣ!»

ውባንተ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሃያ ቀን ልጁ ከጓሮ ሲያለቅስ ይሰማዋል። ቢሆንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ኧረ ጌታዬ፣ አልሰረቅሁም። በትእዛዝዎ ለእንግዳ ነው የሰጠሁት።»

«ለየትኛው እንግዳ? እንግዶቼ ይኸው እጃቸው ደርቆ ተቀምጠው የለ!»

ውባንተ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ፣ በር ላይ የቆመውን ሸክላ አመለከተ።

«ለእሳቸው ነዋ! እነዚህማ ገና ዛሬ መምጣታቸው ነው፤ እሳቸው ሦስት ዓመታቸው። ጠዋት ማታ እግራቸውን ስናጥባቸው ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ፈገግ አላሉልንም። ዛሬ ደግሞ የአባታችንን የእጅ ውሃ በእግራቸው አስፈሰሱት። እኔስ እሺ፣ እወጣለሁ። ግን ጌታዬ ሲጮኹ ይሰሟቸው የለ? እባክዎን መቼ እንደሚሄዱ ይጠይቁልኝ!»

ቄሱ ያልታጠበ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቃቸውን ሊያፍኑት ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። እማማ የሻረግ እስኪያነቡ ሳቁ። በማግሥቱ ከዚያ ግቢ የወጣው አንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከነሸክላቸው በጋሪ ሄዱ።