የደርበው ዱላ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

እንግዲያው በረቱን ዝጉና ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ እግርሽን ሰብስቢና ለወንድምሽ ቦታ ልቀቂለት።

በድሮ ዘመን፣ ጨው እንደ ወርቅ በሚከበርበት ዘመን፣ ቢሻው የሚባል ሰው ነበር። ወጣት ሳለ ጨው ተሸካሚ ነበር። አሞሌ ታውቃላችሁ? እንደ ቢላ መሳያ ድንጋይ የተጠረበ ጨው ነው። ቢሻው እሱን ከቆላ ተሸክሞ ወደ ደጋ ይወጣል። ደርበው የሚባል ጓደኛ ነበረው። ደርበውም ተሸካሚ ነው። ሁለቱ በሶ በአቅማዳ ይይዛሉ፣ ከምንጭ ውሃ ቀድተው ይለውሱታል፣ በልተው ይሄዳሉ። ጀርባቸው ላይ ጨው አለ። በሶአቸው ላይ ግን ጨው የለም። ጨው የነጋዴው ነው።

አንድ ቀን ቢሻው የአንዱን አሞሌ ጥግ ላሰ። ነጋዴው አየውና በደርበው ፊት በጅራፍ ገረፈው። ስንት እንደ ገረፈው ቢሻው ለማንም አልተናገረም። ጠባሳው ትከሻው ላይ ቀረ፣ ነገሩም ሆዱ ውስጥ ቀረ። የዚያን ቀን ግን በልቡ ማለ፦ «ያልፍልኛል። ሲያልፍልኝ ጨው የሌለበት እህል አፌ አይገባም። በእግሬም አልሄድም።»

የጨው መንገድ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው። ነፋስ በር የሚባል አቀበት አለ። እዚያ ጉልበቱ ከድቶት የሚቀመጥ ተሸካሚ አይጠፋም። ጓደኛው አይለምነውም፣ አይቆጣውም። የያዘውን ዱላ ይሰጠዋል። ዱላ የተሰጠው ሰው «አልችልም» አይልም። ተነስቶ እስከሚቀጥለው ውሃ ድረስ ይሄዳል። ለምን ብሎም አይጠይቅም። ደርበው ለቢሻው ስንት ጊዜ ዱላውን ሰጥቶታል። ቢሻውም ለደርበው።

ከዚያም ዘመን ዞረና ለቢሻው አለፈለት። መሬት ያዘ፣ ከብት አረባ፣ ይርገዱ የምትባል ደግ ሴት አገባ። መሐላውን ግን አልረሳም። ከመሶቡ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ አሞሌ ይቀመጣል። ወጡ ጨው ቢኖረውም ፍቆ ይጨምርበታል። ጎመን ሲቀርብለት «ይህ የተሸካሚ ምግብ ነው» ይላል፤ ቅቤ ካልዋኘበት አይነካውም። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጁ ፊት ለፊት ነው። ቅዳሴው ከአልጋው ላይ ሆኖ ይሰማዋል። ቢሻው ግን በበቅሎ ነው የሚሄደው። ገና ኮርቻው ሳይሞቅ ይወርዳል።

አንድ እሑድ ከበቅሎዋ ሲወርድ ልቡ ድው ድው አለ። ደረቱን የሆነ ነገር ጨመቀው። ከዚያ ወዲህ እግሩ አበጠ። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረውና ተነስቶ ይቀመጣል። ይርገዱ ባሏን እንዳታጣ ፈራች። አዋቂ አስጠራች። አዋቂው መጣና እንዲህ አለ፦

«ዓይን ነው። ሀብትዎን ያየ ሰው አለ። ቀይ በግ ይታረድ።»

ቀይ በግ ታረደ። ታዲያ የታረደ በግ ይጣላል? ቢሻው ላቱን ጠብሶ ብቻውን በላው። ባሰበትም። አዋቂው ተመልሶ መጣና፦ «ቀዩን እምቢ ብሏል፣ ጥቁር ይሁን» አለ። ጥቁሩ ታረደ፣ ላቱ ተበላ፣ በሽታው ባሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ቡላ በግ ታዘዘ። በረቱ ሳሳ፣ ሰውየው ወፈረ፣ ልቡ ደከመ።

ይርገዱ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጠችና፦ «እስቲ ጨውን ይቀንሱት» አለችው። «ጮማውም ይቆይ። ምስር ልሥራልዎት።»

«ሦስት በግ ያላወጣልኝን ዓይን ያንቺ ምስር ሊያወጣልኝ ነው?»

«በጎቹ የታረዱት ለዓይኑ ነው ወይስ ለእርስዎ?»

ደግ ሴት ናት አልኳችሁ እንጂ አፍ የላትም አላልኳችሁም።

ከዚያም አንድ ረፋድ ላይ ደርበው መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ እግሩ እንደ ድሮው ቀጭን ነው። ጨው መሸከም ከተወ ቆይቷል፤ አሁን ነጭ ሽንኩርትና አብሽ ይዞ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ቢሻውን በትራስ ተደግፎ አገኘው።

«አንተ፣ ምነው ነፋስ በር ላይ የተቀመጠ ሰው መሰልክ?»

«ዓይን ነው።»

«የማን ዓይን?»

«አላወቅንም።»

ደርበው አሞሌውን አየ። በሳህኑ ላይ የረጋውን ስብ አየ። ከደጅ የታሰረችውን በቅሎ አየ። ከዚያም፦ «እኔ አወቅሁት። ያ ነጋዴ ገና እየገረፈህ ነው» አለው።

ይርገዱ፦ «የቱ ነጋዴ?» ብላ ጠየቀች። ቢሻው ፊቱ ጠቆረ። «ከቤቴ ውጣ» ሊል አፉን ከፈተ። ደርበው ግን ዱላውን ዘረጋለት።

ቢሻው ዱላውን አየው። የወይራ ዱላ ነው፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰ። ያንን ዱላ ያውቀዋል። ተቀበለውና ተነሳ።

ምንጩ ከቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በወጣትነቱ እያፏጨ የሚደርስበት ነበር። የዚያን ቀን አምስት ጊዜ አረፉ። ደርበው «ፍጠን» አላለውም። ቢሻው ሲቆም ይቆማል፣ ሲራመድ ይራመዳል። ምንጩ ጋ ደረሱና ተቀመጡ። ደርበው አቅማዳውን ፈታ፣ በሶ አወጣ፣ በውሃ ለወሰ፣ ግማሹን ሰጠው። ጨው የለበትም።

ቢሻው ጎረሰ። ምንም አልጣመውም። ደገመ። አሁንም ጣዕም የለም። በሦስተኛው ጉርሻ ግን ገብሱ መጣ፤ የተቆላው ገብስ፣ ጢስ ጢስ የሚለው። ከእሱም ጋር ያ መንገድ መጣ፣ የጠዋቱ ብርድ፣ የደርበው ፉጨት፣ ዳገት የማይፈራው ልቡ። በእጁ የቀረውን በሶ አየና፦

«ይህን እኮ እንጠላው ነበር» አለ።

«በሶውን መቼ ጠላነው?» አለ ደርበው። «የጠላነው ጅራፉን ነው።»

ተመልሰው ሲወጡ ሰባት ጊዜ አረፉ። ደርበው ሊሄድ ሲል ዱላውን አልተቀበለም። «አንተ ዘንድ ይቆይ። ለመስቀል መጥቼ እወስደዋለሁ። ታዲያ ጫፉ ካላለቀ አልቀበልህም» አለው።

«አንተ በምን ትሄዳለህ?»

«ሌላ እቆርጣለሁ።»

ልጆቼ፣ ቢሻው ያን ጊዜውኑ ጻድቅ ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ። በሦስተኛው ቀን ይርገዱ ከጓሮ ኪርር ኪርር የሚል ነገር ሰማች። ብትወጣ ባሏ ተቀምጦ የዱላውን ጫፍ በመሳያ ድንጋይ ይሞርዳል።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«እየሄድኩ ነው» አላት።

ይርገዱ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሳቁ ትንፋሽ አሳጠረውና ደረቱን ይዞ ቀረ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፦ «ዱላውን እኮ አታለሉት። ልብዎን በምን ይሞርዱታል?»

የዚያን ዕለት ሸሚዙን ከትከሻው ገለጠና ጠባሳውን አሳያት። ጅራፉን ነገራት። ጨውን ነገራት። አምስት ልጅ የወለደችለት ሴት ያን ነገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ይርገዱ እጇን ጠባሳው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ተነስታ አሞሌውን ከመሶቡ አጠገብ አነሳችና በረት ወስዳ ለበሬዎቹ አኖረችላቸው። በሬዎቹ ላሱት። የገረፋቸው የለም።

ከዚያ ወዲያ ቢሻው በየጠዋቱ ወደ ምንጩ ይወርዳል። መጀመሪያ በመንገዱ አጋማሽ እስካለው ዋርካ፣ ከዚያም እስከ ምንጩ፣ ከዚያም ምንጩን አልፎ። ይርገዱ ምስር ትሠራለታለች፣ ሽሮውን በነጭ ሽንኩርት ታጣፍጥለታለች፣ ጎመኑ ላይ ቅቤው አይዋኝም፣ ተልባ ትበጠብጥለታለች። ሥጋ ለዓመት በዓል ሆነ፤ ያኔም ላቱ ለጎረቤት ይሄዳል። አዋቂው ሌላ በግ ፍለጋ መጣና ሽሮ ቀረበለት። ዳግመኛ አልመጣም። የቢሻው እግር እብጠቱ ጎደለ። አንድ ሌሊት ጋደም ብሎ እስኪነጋ ተኛ። ይርገዱ አጠገቡ ሆና ትንፋሹን ስታዳምጥ አደረች።

ክረምቱ አለፈና መስቀል መጣ። ደርበው ግን አልመጣም። አንድ ቀን ጠበቀው። ሁለት ቀን ጠበቀው። በሦስተኛው ቀን ቢሻው በሶ በአቅማዳ ያዘ።

«በቅሎዋ ትጫን?» አለች ይርገዱ።

«ትረፍ።»

ዱላውን ይዞ የድሮውን መንገድ ያዘ። እያረፈ ሄደ፣ እያረፈ ወጣ። ነፋስ በር ሲደርስ፣ ድሮ እነሱ በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ከሩቅ አወቀው።

«ትመጣለህ ብዬ ነበር» አለ ደርበው። «ጉልበቴ እዚህ ላይ እምቢ አለኝ። ሦስት ቀን እያረፍኩ መጥቼ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የተቀመጥኩት።»

አጠገቡ አዲስ ዱላ ተጋድሟል።

«ሌላ ዱላ ቆርጠሃል እኮ። ይዘህ አትነሳም ነበር?»

«እሱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ደርበው። «ማን ሰጠኝ?»

ቢሻው የወይራውን ዱላ አነሳ። ጫፉ በጭቃና በድንጋይ ከአንድ ጣት በላይ አልቋል። ሁለቱም አዩት። ከዚያም ዘረጋለት።

ደርበው «አልችልም» አላለም። ተቀበለና ተነሳ። ቢሻውም የደርበውን ነጭ ሽንኩርትና አብሽ ትከሻው ላይ አደረገ፣ በዚያው በጠባሳው በኩል። ከዚያም ወደ ውሃው ወረዱ፣ ቀስ እያሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ። አፌን በዳቦ አብሱ እንዳልላችሁ ጥርስ የለኝም። በሶ በጥብጡልኝ። ጨው አታብዙበት።