የድንጋይ ጉርሻ

አንድ ጊዜ የዱርና የቤት እንስሳት በአንድ አምባ ግርጌ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ኃላፊው አንበሳ ነበር። ሕጉም አጭር ነበር፤ ተማሪ ተማሪን አይበላም። በራሱ የሞተ ግን የጅብ ነው።

ተማሪዎቹ ቀን አብረው ይማራሉ፤ ሲመሽ ግን እኩል ቦታ አያድሩም። አምባው አናት ላይ ደረቅና ሰፊ ዋሻ አለ። ዋሻውን የያዙት «የአምባው እህቶች» የሚባሉ እንስቶች ነበሩ። ከማኅበራቸው ያልገባች ሜዳ ላይ ታድራለች። ሜዳው ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ነብርም ከወንዙ ማዶ እየመጣ ያገኘውን ይወስዳል፤ እሱ የአንበሳን ሕግ አያውቅም።

ወደ ማኅበሩ የሚገባው በድንጋይ ነበር። አዲሷ ተማሪ ስልቻ ትጫናለች። ወደ ዋሻው የሚያወጣው መንገድ ቀጭን ነው፤ ከጎኑ ገደል አለ። እህቶቹ በየመታጠፊያው ቆመው ስልቻው ውስጥ ድንጋይ ይጨምሩባታል። ዋሻው ደጃፍ የደረሰች ገባች። ድንጋዩ ለዋሻው ግንብ ይውላል። ይህ ነገር «ፈተና» ይባል ነበር። ክፉ ነበር፤ ሆኖም አንድ ደንብ ነበረው። «በቃኝ» ያለች ወዲያው ይራገፍላታል፤ ወደ ሜዳዋ ትመለሳለች።

አንድ ዓመት አንዲት ሚዳቋ «በቃኝ» ማለት አፈረች። መንገዱን ሳትጨርስ ወገቧ ተሰበረ። ጅብ በላቻት።

አንበሳ ተቆጣ። የማኅበሩን አለቃ ቀበሮን አስጠራ።

«ፈተና የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

«አይሰሙም፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ አንገቷን ደፍታ።

አንበሳ በዚህ ረካ፤ ተመልሶ ተኛ። ቀበሮም ወደ ዋሻዋ ወጥታ እህቶቹን ሰበሰበች።

«ስሙ፣ እህቶቼ። ከዛሬ ጀምሮ ፈተና የለም፤ ግብዣ ነው ያለው። አዲስ የምትመጣዋ ተፈታኝ አይደለችም፤ እንግዳ ናት። እኛንም እመቤት ብላ አትጠራንም፤ እህት ትበለን። ስልቻው መሶብ ነው። ድንጋዩ ጉርሻ ነው።»

ከእህቶቹ አንዷ ጅብ ግንባሯን ቋጠረች። «ጉርሻው ይበላል?»

«አይበላም።»

«የማይበላ ምን ጉርሻ ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ አጉርሺ።»

«እሺ። የወደቀችዋስ?»

«የወደቀችዋ እንደ ድሮው ያንቺ ናት።»

«እንግዲያው ስሙን የፈለግሽውን አድርጊው» አለች ጅብ፣ ምራቋን ውጣ።

ድኩላ ጥግ ተቀምጣ ነበር። እሷም በጊዜዋ ተሸክማ የገባች ናት፤ የስልቻው መጫኛ ጠባሳ ዛሬም ከጀርባዋ አልጠፋም።

«እመት ቀበሮ፣ 'በቃኝ' የሚለው ደንብስ?» አለች።

ቀበሮ ሳቀች። «የግብዣ ደንብ ጠፋሽ? እንግዳ 'በቃኝ' ሲል ምን ይባላል?»

«በሞቴ ይባላል!» አለች ጅብ። ለአንድ ጊዜ እንኳ መልስ በማወቋ ጅራቷን ቆላች።

«ጎሽ። በሞቴ ይባላል፤ ይጨመራል።»

ድኩላ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ውጭ ቀዝቃዛ ነው፤ ዋሻው ሞቃት ነው።

በዚያ ዓመት አንዲት ወጣት አህያ ለትምህርት መጣች። ዘመድ አልነበራትም። ከአንዲት ፍየል ጋር ጎን ለጎን ሜዳ ላይ ታድር ነበር። አንድ ቀን ነብር ፍየሏን ወሰዳት። አህያዋ ጩኸቷን እስኪርቅ ድረስ ሰማችው። ሲነጋ በቀጥታ ወደ ቀበሮ ሄደች።

«እትዬ ቀበሮ፣ ክረምቱ ሳይገባ ከእናንተ ጋር ልደር። የምታዙኝን ሁሉ እሠራለሁ።»

«ምን ሥራ አመጣሽ! ነገ ጠዋት ግብዣ አለሽ፤ ከዚያ እህታችን ነሽ።»

«ፈተና አለው ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«እሱ ድሮ ቀረ። ካላመንሽ ጠይቂ።»

አህያዋ ጠየቀች። ድኩላን ወንዝ ዳር አገኘቻትና «እውነት ፈተናው ቀርቷል?» አለቻት።

ድኩላ መሬት መሬት እያየች «አሁን ግብዣ ነው የሚሉት» ብላ መለሰች።

አህያዋ ቃሉን ሰማች፤ የተናጋሪዋን ፊት ግን ልብ ብላ አላየችም። ደስ ብሏት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እህቶቹ ከአምባው ሥር እልል እያሉ ተቀበሏት። ሁለት ስልቻ በጠፍር መጫኛ አገናኝተው ጀርባዋ ላይ ጣሉባት። ከሥሩ ምንም አላነጠፉላትም። ጠፍሩ ባዶ ቆዳዋን ያዘ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች አህያዋ።

«መሶብሽ» አለች ቀበሮ። «በይ፣ ቅደሚ።»

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጦጣ ቆማለች። «ጉረሺ፣ እህቴ!» አለችና ድንጋይ ስልቻው ውስጥ ጣለች። አህያዋ ደንግጣ ዞር ስትል «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛ ጨመረች። ሁሉም ሳቁ። አህያዋም አብራ ሳቀች፤ እንግዳ ነቻ። ይህን ያህል ድንጋይ አይከብደኝም፣ ከዚህ የባሰም ተሸክሜያለሁ አለች በልቧ።

ቀጥላ ከርከሮ ጨመረች። ከዚያ አሳማ። ከዚያ ጃርት። ጨዋታው እየቀነሰ፣ መንገዱ እየጠበበ ሄደ። ድንጋዩን የሚጥሉት ከገደሉ በኩል ባለው ስልቻ ብቻ ስለሆነ ጭነቱ አዘነበለ። ያዘነበለ ጭነት ከከባድ ጭነት ይብሳል፤ እንስሳውን ወደ ጎን ይጎትታል። አህያዋ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ገደሉ ላለመሄድ ትታገል ጀመር። ጠፍሩ ቆዳዋን ላጠው። ደም በጎኗ ወረደ።

ከኋላዋ የሚሞቅ ትንፋሽ ተረከዟን ነካት። ዘወር ብላ ስታይ ጅብ ናት።

«እባክሽ ራቅ በይልኝ።»

«አጃቢሽ እኮ ነኝ» አለች ጅብ። «አይዞሽ፣ ብትወድቂ አለሁልሽ።»

አህያዋ ቆመች።

«በቃኝ» አለች።

«በሞቴ!» አለች ቀበሮ ከፊት ሆና። አንድ ድንጋይ ተጨመረ።

«እውነቴን ነው። በቃኝ። ሜዳዬ ይሻለኛል።»

«አፈር ስሆን! አንዲት ብቻ!» አንድ ሌላ ተጨመረ።

«በቃኝ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ከገደሉ ተጋጭቶ ተመለሰ። እህቶቹ «በሞቴ! በሞቴ!» እያሉ ሸፈኑት። ግብዣ ላይ «በቃኝ» የሚል እንግዳ የተለመደ ነው፤ አንዳቸውም አላፈሩም። ሩቅ ለሚሰማቸው ሠርግ ይመስላል።

መመለስ አትችልም፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከኋላዋ ጅብ አለች። መተኛት አትችልም፤ የተኛች ወደቀች ይባላል። ወደፊት ብትሄድ ጭነቱ ይጥላታል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ድኩላ ትልቅ ድንጋይ ታቅፋ ቆማ ነበር። ያ ድንጋይ ስልቻው ውስጥ ከገባ አህያዋ ገደል ትገባለች። ሁለቱም አወቁት።

አህያዋ እያለከለከች ቀና አለች። በዚህ ጊዜ የድኩላን ፊት አየችው።

«እህቴ» አለቻት። «ስሙን ትናንት ነግረሽኛል። አሁን ስሙን አይደለም የምጠይቅሽ። የታቀፍሽው ምንድን ነው?»

ድኩላ የታቀፈችውን ቁልቁል አየች።

«አጉርሻት!» አለች ቀበሮ።

«ድንጋይ ነው» አለች ድኩላ። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰሙት።

እልልታው ተቋረጠ። ቀበሮ ወደ ድኩላ ተራመደች። «ምን አልሽ አንቺ? ጉርሻ ነው! የግብዣ ጉርሻ ነው!»

«እንግዲያው እትዬ ቀበሮ ይቅመሱት» አለች አህያዋ።

«ምን?»

«ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም። እኔ ባላገር ነኝ፤ ያሳደጉኝ እንዲህ ነው። ይቅመሱልኝና ቀሪውን እበላለሁ።»

እህቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ እውነት ነው። ማንም ግብዣ የሚያውቅ ሊክደው አይችልም።

«ደንቡስ እሱ ነው» አለች ጅብ። «እኔ ሳይቀመስም እበላለሁ፤ ደንቡ ግን እሱ ነው።»

«እኔ ጠግቤያለሁ!» አለች ቀበሮ።

«በሞቴ!» አለች ጅብ በሙሉ ልቧ። ይህን ቃል ወዳው ነበር።

ድኩላ ድንጋዩን ወደ ቀበሮ ጀርባ አስጠጋች። ቀበሮ ወደ ኋላ ዘለለች፣ ጠጉሯ ቆመ።

«አብደሻል? ይህን ቋጥኝ እኔ ልሸከም? ወገቤን ልትሰብሪው ነው?»

ማንም አልሳቀም። ጦጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ከርከሮ የራሷን ጀርባ በአፍንጫዋ ዳበሰች፤ ለካ እሷም ጠባሳ አለባት። በዚህ መካከል የአህያዋ የኋላ እግር ተንሸራተተ። ጠጠር ወደ ገደሉ ወረደ።

ድኩላ ድንጋዩን ጣለችው። ዘላ መጣችና መጫኛውን በጥርሷ ያዘች። ጠፍር ነው፤ እምቢ አለ። አህያዋ ሁለተኛ እግሯም ሊከዳት ነው። ድኩላ ዓይኗን ጨፍና ነከሰች፣ ሳበች፣ ነከሰች። መጫኛው ተበጠሰ። ስልቾቹ ከነድንጋያቸው እየተንኳኩ ገደል ገቡ።

«ወደቀች!» አለች ጅብ። የወደቀውን ሳታይ ተከትላ ዘለለች።

አንበሳ የድንጋዩን ድምፅ ሰምቶ ከሜዳው ሲመጣ ጅብን ገደሉ ሥር አገኛት። ጥርሷ ረግፏል፤ ስልቻውን ግን አለቀቀችም፣ ታኝከዋለች። አልፏት ወጣ። መንገዱ ላይ የደም ጠብታ አየ። ጠብታውን ተከትሎ እህቶቹ ዘንድ ደረሰ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ግብዣ ነበር፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ።

አንበሳ የአህያዋን ጀርባ አየ። የድኩላን የደማ አፍ አየ። ድንጋዩን በመዳፉ ገለበጠው።

«ማን በላ?» አለ።

አንበሳ ድንጋዩን ወደ እህቶቹ ገፋው።

«ባለፈው ስም ከለከልኋችሁ፤ ስም ለወጣችሁልኝ። ዛሬ ስም አልከለክልም፤ የፈለጋችሁትን በሉት። ግን ወደዚህ ዋሻ የምትወጣ ሁሉ ባዶ ጀርባዋን ትወጣለች። ድንጋይ የፈለገች በራሷ ጀርባ ታምጣ።» ወደ ቀበሮ ዞረ። «ከአንቺ እንጀምር። ግንቡ አላለቀም አይደል?»

ቀበሮ ያን ክረምት ሙሉ ድንጋይ አመላለሰች። በወጣች ቁጥር «በቃኝ» ትላለች። እውነት ስትደክም ያራግፉላታል፤ ድኩላ ደንቡን መልሳ ነበር።

ዝናቡ የጀመረው በግብዣው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሜዳ ላይ የነበሩት ሁሉ ተራ በተራ ወደ ዋሻው ወጡ። የአህያዋ ቁስል ለመዳን ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲድንም ጠጉሩ ነጭ ሆኖ በቀለ። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ትንሽ በግ ከአምባው ሥር ቆማ ወደ ላይ እያየች ትፈራ ነበር። አህያዋ ልትቀበላት ወረደች።

«ወደ እናንተ የሚገባበት ነገር ምን ይባላል?» አለች በጓ።

«ስም አላወጣንለትም» አለች አህያዋ። «በይ ነይ፣ ዝናቡ ሳይመታሽ።»

ከዚህ የምንማረው ክፉ ነገር ስሙን ቢያሳምር ክፋቱ ስለማይቀር፣ ወደ ማንኛውም ማኅበር ከመግባታችን በፊት «ምን ይባላል?» ሳይሆን «ምን ያሸክመኛል?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።