ስድብ የተነፈጋቸው እንግዶች

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው። ቆይ የትናየት፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ፤ ስለ ከተማሽ ጠይቀሽኝ የለ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለ ማዘጋጃ ቤት ሥራሽ ብትጠይቂኝ ያለኝ ምሳሌ ብቻ ነው። «እማማ፣ ከተማችን ትልቅም አይደለች፣ ትንሽም አይደለች። እንግዳው ምሳ በልቶ ያልፋታል፣ የኳስ ደጋፊው ጨዋታው ሳያልቅ መኪና ይሳፈራል፣ ወጣቱ ሻንጣውን አንስቶ ይሄዳል። ምን ብናደርግ ነው ሰው የሚመጣልን፣ የመጣውስ የሚቀመጥልን?» ነው ያልሽኝ። እንግዲህ መልስሽ ያ ሰውዬ ነው።

የሰውዬው ከተማ እንደ አንቺው ከተማ ናት። ከላይ ትልቅ ገበያ፣ ከታች ትልቅ ገበያ፣ እሷ መሐል። ነጋዴ በቅሎውን ውሃ ያጠጣባትና ይሄዳል። ልጆቿም ጢማቸው ማቀምቀም ሲጀምር ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አይመለሱም። ሀብታሙ ሰው ቤቱ ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዶ ሁለቱ ወርደው ቀርተውበታል። የቀረው ትንሹ ነው። እሱም ጢሙ አቀምቅሟል፤ ዓይኑ ቁልቁል ማየት ጀምሯል። አባትየው ይሄን እያየ እህል አልበላ አለው።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ «ምን ይሻለኛል?» አላቸው። እነሱም «ለገና የወንዝ ማዶ ሰዎችን ጥራ። ተጫዋቾቻቸው ስመ ጥር ናቸው፤ እነሱ ከሄዱ ደጋፊው ይከተላል። ከተማዋ ሰው ስታገኝ ልጅህም ይቀመጣል» አሉት።

የገና ጨዋታን መቼም ታውቂያለሽ። ሩር የሚሉትን የእንጨት ኳስ በቆልማማ ዱላ እየመቱ ነው። አያትሽ የፊት ጥርሱን ያጣው በእሱ ነው። ለሰው «በዘመቻ ነው» ይል ነበር፤ ባሌ ስለሆነ ዝም እል ነበር። በዚያ ቀን መሰዳደብ ወግ ነው። በግጥም ይሁን እንጂ ድሃው ሀብታሙን፣ አገልጋዩ ጌታውን ይሰድባል፤ ጌታም አይቆጣም። ይቺን ያዢልኝ።

ሀብታሙ ሰው ደስ ብሎት ተነሳ። የሜዳውን ድንጋይ አስለቀመ፣ ዳስ አስጣለ፣ ምንጣፍ አስነጠፈ፣ ሰባት ሙክት አሳረደ፣ ጠላውን በጋን በጋን አስጠመቀ። እስከዚህ ደግ ነው። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። እንግዳ እንዳይከፋብኝ ብሎ አዋጅ አስነገረ። «የከተማዬ ሰው እንግዳውን እንዳይሰድብ። በትከሻ እንዳይገፋ። ተመልካቹ ከገመድ ወዲያ ቆሞ በጸጥታ ይይ። ሩሩንም ለእንግዳው ልቀቁለት፤ አሸንፎ ደስ ብሎት ይሂድ» አለ።

ትንሹ ልጁ የከተማው ተጫዋቾች አለቃ ነበር። «አባባ፣ ታዲያ እኛ ምን እንሥራ?» አለው።

«እንግዳ ታከብራላችሁ።»

ልጁ ዱላውን አየ፣ አባቱን አየ።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። የኛ ሰው በእንግዳ ጉዳይ ልክ አያውቅም። እኔ ራሴ የንስሐ አባቴን «ይጉረሱ፣ ይጉረሱ» ብዬ ላንቃቸው ነበር፤ ጀርባቸውን በመዳፍ መትተን ነው ያተረፍናቸው።

የገና ዕለት የማዶ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ከች አሉ። ሁለት መቶ ይሆናሉ። ገና ከሩቅ እየጨፈሩ እንዲህ እያሉ ነው፦

የዚህ አገር ጎበዝ፣ ሩጫ ያውቃል አሉኝ፤
ሲሸሽ ነው የማውቀው፣ ሲገጥም አሳዩኝ።

እንዲህ ብለው ጆሯቸውን ወደ ከተማው ሰው አቀኑ። ዝም። ያልተሰማ መስሏቸው ጮክ አድርገው ደገሙት። ዝም። አንድ ሰው ሳል ያዘው። አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ምላሷ የታወቀ፤ ሰው ማሰሮ ሊገዛ ሄዶ በምርቃት አንድ ስድብ ይዞ ነው የሚመለሰው። እሷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከገመዱ ወዲያ ቆማለች። ብትናገር ኖሮ በሁለት ስንኝ ማዶ ድረስ ትሸኛቸው ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። የከተማው ልጆች እንደታዘዙት ዘወር ዘወር እያሉ መንገድ ለቀቁ። እንግዶቹ አንድ አገቡ፣ ሁለት አገቡ። ሦስተኛውን ሊያገባ የሮጠው ጎረምሳ መሐል ላይ ቆመና ወደ ኋላው ዞሮ «ኧረ የሚያባርረኝ ሰው የለም?» አለ። የለም። ሩሩን በዱላው ጫፍ ገፋ አድርጎ አስገባና አፍሮ ተመለሰ።

የእንግዶቹ ሽማግሌ ወደ ዳሱ መጡ። «ጌታዬ፣ ሐዘን አለባችሁ እንዴ? ሰው ልካችሁብን ቢሆን ነጠላችንን ዘቅዝቀን እንመጣ ነበር።»

«የለም አባቴ፣ አክብረናችሁ ነው እንጂ።»

«ለካ አክብራችሁን ነው» አሉ ሽማግሌው። እንግዶቹ ቁጭ ብለው በሉ፣ መረቁ፣ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ተነሱ። ማንም «ቆዩ» ቢላቸው የሚቆዩ አይመስሉም።

ሲሄዱ የከተማው ጎረምሶች አንድ፣ ሁለት እያሉ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከኋላቸው ተከተሉ። ከፊት ያለው የሀብታሙ ሰው ልጅ ነው።

«ወዴት ነው?» አለው አባቱ።

«ከነሱ ጋር። እዚያ ይሰዳደባሉ አሉ።»

እንግዲህ አስቢው፤ ልጁን ሊያስቀርበት የደገሰው ድግስ ልጁን መሸኛ ሆነበት። ሰውዬው ምንጣፉ ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ጀርባ አየ። ከዚያ ሮጠ። ሽማግሌ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ካባ ለብሷል፤ ቢሆንም ሮጠ። የከተማው ሰው ሊጣላ ነው ብሎ ገመዱን ረግጦ ተከተለው።

ወንዙ ዳር ደረሰ። እንግዶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ውሃ ሊገቡ ነው። «ቁሙ» አለ። ቆሙ፤ ዞሩ። ሁለት መቶ ሰው ያየዋል፣ ልጁ ያየዋል። ሊሰድባቸው ነበር ሐሳቡ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝዝ የኖረ ሰው ግጥም ከየት ያምጣ? ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ግራ ቀኙን አየ፤ ዓይኑ ወንዙ ዳር የበቀለው ላይ ወደቀ።

«የማዶ ሰው እግሩ... የወንዝ ዳር ሸምበቆ» አለ።

 የእንግዶቹ ሽማግሌ ጢማቸውን እየዳበሱ «እሺ። ሁለተኛውስ?» አሉ።

«ሁለተኛው አልመጣልኝም።»

ይሄኔ ሸክላ ሠሪዋ ነጠላውን ከአፏ መዝዛ አወጣች፦

«ወጣ የጌታ ሆድ፣ መቀነቱን ንቆ።»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሸክላ ሠሪ ናት እኮ፤ የገና ወግ ቢፈቅድም፣ በዚያ ዘመን በደጁ እንኳ ቀና ብላ አታልፍም። አሽከሩ ዱላ አነሳባት። ሀብታሙ ሰው ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ። እውነትም በሩጫው መቀነቱ ወርዶ ሆዱ ለብቻው ወጥቷል። መቀነቱን ጭራሽ ፈታውና ለአሽከሩ ወረወረለት። «ዱላህን አውርድና ይሄን ያዝ፤ ይሄ ሆድ ዛሬ አርነት ወጥቷል» አለው። ወደ ሴትየዋ ዞሮም «ሌላ አለሽ?» አላት።

«ኧረ ጌታዬ፣ የሰባት ዓመት ጥርቅም አለኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ልጁ ነው። ከዚያ ማዶም ሳቀ፣ ወዲህም ሳቀ። የእንግዶቹ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ «ጌታዬ፣ በሙክትዎ ሸኝተውን ነበር፣ በስድብዎ መለሱን» አሉ። ሩሩ እዚያው ወንዙ ዳር ተጣለ። ማንም መንገድ አልለቀቀም። ሰውዬው ራሱ ዱላ ተቀብሎ ገባና ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አንዴ የጣለው የገዛ ልጁ ነው። የቅድሙ ሦስቱ አይቆጠርም ያሉትም እንግዶቹ ራሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ከተማው አሸነፈ። እንግዶቹ «ተሸንፈን አንሄድም፣ ነገ ይደገም» አሉ። መኝታ አልተዘጋጀላቸውም፤ ግን የከተማው ሰዎች በየቤቱ ተካፍለው ወሰዷቸው፤ ሸክላ ሠሪዋ ብቻዋን ስድስት አሳደረች። በማግስቱ እንግዶቹ አሸነፉ። አሁን ደግሞ የከተማው ሰው «ሳንገጥማችሁ አትሄዱም» አለ። በሦስተኛው ቀን ማን እንዳሸነፈ እንጃ፤ የነገሩኝም ሰዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል።

በዓመቱ አራት መቶ ሆነው መጡ። ነጋዴው በቅሎውን ፈትቶ ጨዋታ ማየት ጀመረ፤ ሰው ካለ ደግሞ ገበያ አለ። ከማዶ የመጡ ጎረምሶች እዚያው ሚስት አግብተው ቀሩ። ትንሹ ልጅም ቤቱን ሜዳው ዳር ሠራ። ሁለቱ ታላላቆቹ? አልተመለሱም፤ ውሸት አልነግርሽም። ለገና ለገና ግን ይመጣሉ፣ ሊሰደቡ።

አየሽ የትናየት፣ ያ ሀብታም ሰው የናንተ መሥሪያ ቤት ነው። ዳሱና ምንጣፉ ልታሠሩት ነው ያልሽኝ ስታዲየም፣ የክብር ወንበሩ፣ ያ የሚያብረቀርቀው በር ነው። ገመዱ ደግሞ «ለጸጥታና ለገጽታ» ብላችሁ ከበሮ መቺዎቹን፣ ለውዝ አዟሪዎቹንና ጩኸታሞቹን የሰፈር ልጆች ከሜዳው ልታርቁበት ያረቀቃችሁት ደንብ ነው። አትሥሩ አላልኩም። እንግዳ ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ቤት ይፈልጋል፤ ዳሱም ያስፈልጋል። ግን ልጄ፣ ወንበር ለማየት ብሎ አገር የሚያቋርጥ ሰው የለም። ሰው የሚመጣው ሰው ለማየት ነው። ደጋፊ ከሩቅ መጥቶ ዘፍኖ የሚመልስለት ካጣ፣ ልቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን በገዛ ሜዳው ከገመድ ወዲያ ያቆሙት ልጅ ሥራ ቢያገኝም ይሄዳል።

ስለዚህ ለአለቆችሽ እንዲህ በያቸው። መጀመሪያ ሜዳውን ለልጆቻችን ክፈቱ፤ የራሳችን ሰው ይደሰትበት። ደስታ ያለበትን ቤት ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ከዚያ በግጥሚያው ቀን ልጆቹ ከንቲባውን በዘፈን ነካ ያድርጉት። አንቺ አጠገቡ ቁሚና ፊቱን እዪው። ከሳቀ፣ ሩጪና ለእንግዳ አልጋ አስነጥፊ። ከተቆጣ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ የሚተኛበት አይመጣም።