ታንኳ ሠሪው የሞተር ጀልባ ሊገዛ የሄደ ዕለት

አንድ ታንኳ ሠሪ በትልቅ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ይኖር ነበር። ስሙ ደምለው ይባላል። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ስለ ሞተር ግን የሚያውቀው ድምፁን ብቻ ነው፣ እሱንም ከሩቅ።

በአንድ ክረምት ከደሴቲቱ ሴቶች አንዷ ምጥ ጠንቶባት በታንኳ ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ስትወሰድ ግማሽ መንገድ ላይ ሞተች። የቀዛፊዎቹ ጥፋት አልነበረም፤ አራት ሰዓት የሚያስቀዝፍ ውሃ ነው። ሰዉ ለቅሶውን ሲጨርስ ተሰብስቦ መከረና በጉንም ፍየሉንም ሸጦ አዋጣ። አዲስ ጀልባ ለመግዛት አቅም ስለሌለ፣ አሮጌም ቢሆን ፈጣን የሞተር ጀልባ ይፈለግ ተባለ። ሁለተኛ ማዋጣት እንደማይቻል ሁሉም ያውቃል። ገንዘቡ እስኪሞላ የደምለው ልጅ ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ መውለጃዋ መጪው ክረምት ነው።

"ማን ይሂድ?" ሲባል ሞተር የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ ውሃ የሚያውቀው ደምለውና፣ ጀልባዋ ከማንም በላይ የምታስፈልጋቸው አዋላጇ እመት እንጉዳይ ተላኩ።

ደምለው መንገዱን ሙሉ "እኔ ምን አውቄ ነው?" እያለ ሲያጉረመርም፣ እመት እንጉዳይ ሰለቻቸው።

"እኔስ መቼ ሆድ ውስጥ ገብቼ አየሁ? ዳብሼ ነው የማውቀው" አሉት።

ከተማው ወደብ አጠገብ ያገኙት ጀልባ ሻጭ ሁለት የድሮ የእሽቅድምድም ጀልባዎች ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ አስቀምጦ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ለሽርሽርና ለውድድር ከባሕር ማዶ የመጡ፣ አፍንጫቸው ሹል የሆነ፣ የአንድ ፋብሪካ መንትዮች ናቸው። አንዷ ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ መቀመጫዋ በነጭ ቆዳ ተለብጦ እንደ ሙሽራ ታብረቀርቃለች። የሌላዋ ቀለም ለቋል፣ መስታወቷ ተሰንጥቋል፣ መቀመጫዋ ላይ እርግብ ኩሷን ጥላለች። በእሷ የግቢው ዘበኛ እሑድ እሑድ ዓሣ ያጠምድባታል።

ሻጩ በቀጥታ ወደ ቀይዋ መራቸው።

"ይቺ ንጉሥ የሚቀመጥባት ናት፣ እናቴ። ከመስከረም ወዲህ ውሃ አልነካትም። አድርቄ፣ አሳድሼ ነው ያስቀመጥኳት።"

የደምለው ልብ ወዲያው ሸፈተ። ቀይዋን ጀልባ ይዞ ደሴቲቱ ሲደርስ፣ ሴቶቹም ዳር ወጥተው እልል ሲሉ ታየው። አንፍረድበት፤ ቀለም ያላታለለው ካለ እጁን ያውጣ።

እመት እንጉዳይ ግን የሞተሩን ክዳን አስከፈቱና፣ የሕፃን ግንባር እንደሚዳብስ ሰው መዳፋቸውን አሳረፉበት።

"ይሄ ትኩሳት አለው" አሉ።

"ፀሐይ ነው እናቴ።"

"ፀሐይ ቢሆን ክዳኑ ይግል ነበር። ክዳኑ ቀዝቅዞ ሆዱ ነው የጋለው። ሳንመጣ ማን ቀሰቀሰው?"

ሻጩ ሳቅ አለ። "እንዳላስጠብቃችሁ ብዬ አሟሙቄው ነው።"

"ምጥ የያዛት ሴት ሞተር እስኪሟሟቅ አትጠብቅም፣ ልጄ። ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው ማየት የምፈልገው።"

"ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዢ ይመጣል፣ ብትፈጥኑ ይሻላችኋል።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉና ጥላ ሥር ቁጭ አሉ።

ይሄን ሲያይ ደምለው ነቃ። አዋላጇ ሞተር አያውቁም፤ የሠሩት የራሳቸውን ሙያ ነው። እሱስ ምን ያውቃል? ትንሽ አሰበና ወደቡ ላይ ሥራ የሚጠብቁ ወዛደሮችን ጠራ።

"እስኪ ሁለቱንም ወደ ውሃው ግፉልኝ።"

የዘበኛውን ጀልባ ስምንት ሰው ገፍቶ ሐይቁ ውስጥ አስገባት። ቀይዋ ግን ስምንቱ ቢገፏት አልነቃነቅ አለች። አሥራ ስድስት ሆነው እያቃሰቱ ግማሽ መንገድ አደረሷትና ቆሙ።

"ጥንካሬዋ ነው!" አለ ሻጩ። "ከባድ ጀልባ ማዕበል አይንጣትም።"

ደምለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው።

"ጌታው፣ መንትያ ከመንትያዋ በእጥፍ የምትከብደው ምን በልታ ነው? እኛ ዘንድ ታንኳ በጣም የሚከብደው ሊሞት ሲል ነው። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ውሃ ጠጥቷል።"

ከዚያም ከኋላ፣ ሞተሩ ከታሰረበት ወፍራም እንጨት ላይ አንድ ብሎን እንዲፈታለት ጠየቀ። ሻጩ አንገራገረ። ወዛደሮቹ ግን ወገባቸው ተቆርጧልና ምን እንደገፉ ማወቅ አማራቸው፤ አንደኛው መፍቻ አምጥቶ ፈታው።

ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ወረደ፣ የበሰበሰ እንጨት ሽታም ተከተለው። ከመስከረም ወዲህ ውሃ ያልነካት ጀልባ! ላይዋ ሙሽራ፣ ውስጧን ለቄስ። እስከዚያ የቀዘቀዘው ሞተሯም የማስነሻ ገመዱን ቢጎትቱት ቢጎትቱት አስሎ ዝም አለ።

የዘበኛው ጀልባ ብሎን ሲፈታ ግን ጠብታ አልወጣም። ሞተሯም በሦስተኛው ጉተታ ተነሣ። እመት እንጉዳይ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና "ይሄ ልብ ደህና ነው" አሉ።

"መቀመጫዋ ግን ተቀዳዷል፣ እቴቴ" አለ ደምለው።

"ምጥ የያዛት ሴት መቀመጫ አትመርጥም!"

እሷኑ ገዝተው ተመለሱ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሐይቁ በነፋስ እየተናጠ ሳለ፣ የደምለው ልጅ ምጥ ያዛት፤ ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ጀልባዋ ቀዝቅዛ ቆማ ነበር፤ በሦስተኛው ጉተታ ተነሣች። አራት ሰዓት የሚያስቀዝፈውን ውሃ በአርባ ደቂቃ አቋረጠችው።

በአምስተኛው ቀን እናትና ልጅ በዚያችው ጀልባ በደህና ሲመለሱ ደሴቲቱ ግልብጥ ብላ ዳር ወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። ደምለው ያን ዕለት በሐሳቡ የሰማው እልልታ ራሱ ነበር። ነገር ግን አንዲትም ሴት ጀልባዋን ዞር ብላ አላየችም፤ የሁሉም ዓይን ሕፃኑ ላይ ነበር። ደምለው በደስታ አለቀሰ፣ አላፈረበትም።

ወዳጆቼ፣ አሮጌ ነገር ስትገዙ ቀለሙን ተዉትና ክብደቱን መርምሩ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ እስኪቀዘቅዝ ታገሡ። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። የማናውቀው ነገር ፊት ስንቆም የምናውቀውን ሁሉ እንረሳና አንገታችንን እንደፋለን፤ አታላይም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ደምለው ደሴቲቱን ያዳናት ሞተር ተምሮ አይደለም፤ ታንኳውን ባለመርሳቱ ነው።

እናንተስ "እኔ ምን አውቄ" ብላችሁ ቤት ትታችሁት የወጣችሁት እውቀት የትኛው ነው?