ማንም ያላያት ወፍ

አንድ መንደር ውስጥ፣ በኅዳር ወር፣ ጉም ምድሩን ሸፍኖ በከረመበት ሳምንት፣ ያልጋነሽ የተባለች ሸክላ ሠሪ አገሩን ለቃ እንድትወጣ ተፈረደባት። ጥፋቷ የላይኛውን ምንጭ በዓይኗ አበላሽታለች የሚል ነው። የመሰከረችባት ወፍ ናት።

ነገሩን ለመረዳት የመንደሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር በደል ተፈጽሞ በዳዩ ሲጠፋ ሕዝቡ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። አውጫጭኝ ይሉታል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም፤ ላም አይታለብም፣ እሳት አይነድም። ባለቤቱ ያልታየ ድምፅ የሰማ ሰው ድምፁን «ወፍ» ብሎ፣ የሰማውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ በመሐላ መናገር አለበት። «ሰማሁ እንጂ አላየሁም» ማለት በሌላ አገር ምስክርነትን ያፈርሳል። እዚያ ግን ያጸናው ነበር። ሽማግሌዎቹ ለምን ሲባሉ፣ «ወፍ ዘመድ የላት፣ ርስት የላት፤ ለማን ብላ ትዋሻለች?» ይላሉ።

መንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተከፈለ ነበር። ላይ ቤቶች አራሾች ናቸው። ታች ቤቶች ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች። ላይ ቤቶች የታች ቤትን እንስራ ይገዛሉ፤ ከሻጯ እጅ ግን አይቀበሉም። ሻጯ መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ስትል ገዢዋ መጥታ ታነሳዋለች። የታች ቤት ሰው ዓይን ከብት ያመነምናል፣ ወተት ያነጥፋል ይባል ነበር። «ማን አየ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

መምህርት ወለላ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ወጣቶችን ለማፍራት ተነሱ። ከሁለቱም ወገን ያላገቡ ልጆች ሰበሰቡ። ላይ ቤትና ታች ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ክልክል ስለነበር የሚገናኙት በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ባለ አሮጌ የድንጋይ ጎተራ ውስጥ ነው። ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ጣሪያው ላይ ድሮ እህል ይገለበጥበት የነበረ ቀዳዳ አለ፤ ብርሃን የሚያገኙት ከእሱ ነበር።

ትምህርቱ ቀላል ነው። አንዱ ተሳዳቢ ይሆናል፤ ሌላው ይመልሳል።

«ገበያ ላይ የምትሰሙት ስድብ እንዲህ የለዘበ አይደለም» ይሉ ነበር መምህርቷ። «ተሳዳቢ የሆንክ ከልብህ ጩኽ። መልስ የምትሰጡት ግን በትሕትና፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ። የሚጮህ ሰው ሰሚ አያገኝም።»

በተሳዳቢነት የላይ ቤቱን ደምመላሽን የሚስተካከለው አልተገኘም። ሁለት እጁን አፉ ላይ ከቦ፣ አንገቱን ወደ ጣሪያው አቅንቶ ሲያምባርቅ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ የምትመልስለት የያልጋነሽ ልጅ ስንዱ ነበረች።

«አንተስ ለዚሁ የተፈጠርክ ነህ!» ይሉታል ጓደኞቹ እየሳቁ።

«ኧረ ቀስ በል፣ እናቴ እኮ ናት» አለችው አንድ ቀን ስንዱ።

«ጨዋታ ነው ስንዱዬ። ይልቅ መልሽልኝ!»

እሷም እንደተማረችው ዝግ ባለ ድምፅ መለሰችለት። መምህርቷ መልሷን ወደዱት። በማግስቱም አስደገሟቸው።

በዚያው ሰሞን የላይኛው ምንጭ መረረ። ጥጆች አፋቸውን ነክረው ይመለሱ ጀመር። አውጫጭኝ ተጠራ። ያላገቡ ወጣቶች በጉባኤው ስለማይቀመጡ ከብት ሊጠብቁ ሄዱ፤ ታች ቤቶችም እንደተለመደው ከሜዳው አጥር ውጭ ቆዩ። ጭቃ ሹሙ፣ የመንደሩ አስተዳዳሪ ማለት ነው፣ ምስክር ያለው ይነሳ አሉ።

መጀመሪያ የተነሳው አንድ ገበሬ ነበር። ወፍ መስማቱን ምሎ ተናገረ። ቀጥሎ አንዲት ባልቴት ተነሱ፤ ያንኑ ቃል ተናገሩ። ከእሳቸው በኋላ አንድ ቄስ፣ ከዚያ አንዲት ሙሽራ፣ ከዚያም ሌሎች። በጠብ የተኳረፉ ጎረቤቶች እንኳ ቃላቸው አንድ ሆነ። የተለያየው ድምፁ የመጣበት ቦታ ብቻ ነበር። አንዱ ከሰማይ አለ፣ ሌላው ከጉሙ ውስጥ አለ፣ ሙሽራይቱ ግን ከጀርባዬ ብላ ዞር አለች። ሌሎቹም አብረዋት ዞር አሉ። ከኋላቸው ምንም አልነበረም።

ፍርዱ ተሰጠ። ያልጋነሽ ቅዳሜ ገበያ ከመቆሙ በፊት ከነቤተ ሰቧ ትውጣ፤ ሸክላ የምትተኩስበት ጉድጓድ ይደፈን።

ወጣቶቹ የተማሩትን ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ነገር ላይ ሊሞክሩት ተነሱ። ደምመላሽና ስንዱ መስካሪዎቹን በየቤታቸው ሊጠይቁ ሄዱ። የመጀመሪያው ቤት የአያ ቢተው ነበር። ስንዱ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ ደምመላሽ ገብቶ ጠየቀ።

«አያ ቢተው፣ ወፏን አይተዋታል?»

«ወፍ ትታያለች እንዴ? ትሰማለች እንጂ።»

«የት ሰሟት?»

«ወደ ምንጩ ስሄድ፣ በዚያ በአሮጌው ጎተራ አጠገብ። ጉሙ የበትሬን ጫፍ እንኳ ከልሎኝ ነበር። በላዬ ላይ ጮኸች።»

«ምን ብላ?»

ሽማግሌው መሐላ አለባቸውና ተነስተው ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቀኑ። «ሸክላ ሠሪዋ ምንጩን አይታዋለች! ውሃው መሮ ይቀራል! ያልጋነሽን አስወጧት!»

ደምመላሽ ቃሉን አወቀው። ስንዱም ከአጥሩ ማዶ አወቀችው። ሽማግሌው «አስወጧት» ሲሉ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ስንጥቅ አደረጉት። ደምመላሽ ሲጮህ ልክ እንደዚያ ነበር የሚሰነጠቀው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አሉ አያ ቢተው።

«ብርዱ ነው» አለና ወጣ።

 መንገድ ላይ ስንዱ፣ «ትናገራለህ?» አለችው።

«ከተናገርኩ የጎተራው ነገር ይወጣል። መምህርቷንም ከእናትሽ ጋር ያባርሯቸዋል።»

«ካልተናገርክስ?»

 ለመምህርት ወለላ ነገሯቸው። መምህርቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። «እንሂድ» አሉ፤ «ማን አየ ብላችሁ ጠይቁ ያልኳችሁ እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ያልጋነሽ እንስራዎቿን በአህያ ጭናለች። ሕዝቡ መውጣቷን ለማረጋገጥ ተሰልፏል። ደምመላሽ ጭቃ ሹሙ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ወፏ እኔ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። «ክንፍህ የታለ?» አለ አንዱ። «እንቁላልህንስ የት ጣልክ?» አለች ሌላዋ።

ጭቃ ሹሙ አልሳቁም። «አሳየን» አሉ።

ሕዝቡ ወደ ጎተራው ወረደ። ጉሙ እንደዚያ ሰሞን ነበር፤ ከጎኑ ያለውን ሰው የሚያየው ጥቂት ነው። ደምመላሽና ስንዱ ገብተው በሩን ዘጉ።  ከዚያ ወፏ ጮኸች። ከሰማይ ናት፣ ከጉሙ ናት፣ ከጀርባ ናት። ሰዎች ሁሉን እያወቁ፣ በሩ ሲዘጋ በዓይናቸው አይተው እንኳ፣ አማተቡ። ሙሽራይቱ ዞር አለች። ያልጋነሽ የአህያዋን አንገት ይዛ ሳትንቀሳቀስ ስሟን ሰማች።

ቀጥሎ ምንም አልተሰማም። በሩ ተከፈተ።

«ይኸው ነው?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«አይደለም፤ ስንዱ መልሳልኛለች።»

«እኛ የሰማነው የለም።»

«መልሻለሁ፣ ጌታዬ» አለች ስንዱ። «ሁልጊዜም እመልሳለሁ። በትሕትና።»

መምህርት ወለላ ወደ ፊት መጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስድቡን በሙሉ ድምፅ፣ መልሱን በሹክሹክታ አስተማርኳቸው። ከግድግዳው ያለፈው ስድቡ ብቻ ነው።»

ጭቃ ሹሙ ወደ ስንዱ ዞሩ። «እስቲ መልስሽን አሁን በይው። በሩን ሳትዘጊ።»

ስንዱ ላይ ቤቶችን በሙሉ ፊት ለፊት አየቻቸው። «ምንጩ የሚፈሰው ወደ ታች ነው!» አለች፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ጮኻ። «ከእናንተ የተረፈውን የምንጠጣው እኛ ነን። እናቴ የገዛ ልጆቿ የሚጠጡትን ውሃ ለምን ታበላሻለች? ማን አየ?»

ማንም አየሁ አላለም። ፍርዱ ተነሳ። ያልጋነሽ እንስራዎቿን ከአህያዋ አወረደች፤ ወዲያው ገበያ ቆሞ ነበርና እዚያው ሸጠቻቸው። አንዳንዶች ከእጇ ተቀበሉ። አብዛኞቹ መሬት ላይ እስክታስቀምጥ ጠበቁ። ምንጩ ሲጠረግ ከሥሩ የበሰበሰ የግራዋ ቅርንጫፍ ክምር ወጣ። ምሬቱ ከዚያ ነበር። መምህርት ወለላም ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹን የሚያሠለጥኑት ገበያው መካከል ሆነ፤ መልሱን ከስድቡ አስበልጠው እንዲጮኹት አዘዙ። ጎተራው ፈረሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ሁሉም ነገር ምክንያቱን ያገኘ ይመስላል። ግን መምህርቷ ነገርን እስከ መጨረሻው የሚያጣሩ ሰው ነበሩ። መስካሪዎቹን ሁሉ እየዞሩ ወፏን በየትኛው ቀን እንደሰሟት ጠየቁ። ሁሉም ከልምምዱ ቀናት ጋር ገጠመ። ከአንዲት በስተቀር። እመት አልጣሽ፣ ከገበሬው ቀጥለው የተነሱት ባልቴት፣ የሰሙት በሚካኤል ዕለት ነው። በሚካኤል ዕለት ወጣቶቹ በሙሉ ጎረቤት ደብር ንግሥ ሄደው ነበር። ጎተራው ባዶ ነበር። ደምመላሽም ያንን ስድብ ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸውም ነበር።

እመት አልጣሽ ዋሽተው የማያውቁ ሴት መሆናቸውን ጠላታቸውም ይመሰክራል።

«የት ሆነው ሰሙ፣ እመት?» አሉ መምህርቷ።

«እዚሁ ቤቴ። አሞኝ ቀርቼ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ድምፁ የማን ይመስል ነበር?»

 ባልቴቷ በሩ መዘጋቱን በዓይናቸው አረጋገጡ።

«የእኔን» አሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። ሰውን ከአገሩ የሚያስወጣ ቃል ውሸታም አያስፈልገውም፤ የሚመልስለት የሌለው ጸጥ ያለ ቤት ይበቃዋል። ወጣቶቻችን ገበያ ላይ ለሚሰሙት ስድብ ጮክ ብለው መልስ እንዲሰጡ ማስተማር ተገቢ ነው። ገበያ ላይ ከመድረሱ በፊት ግን ቃሉ ቤት ውስጥ ተነግሯል። እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ፣ ወፏ በማን ድምፅ ትናገራለች? የሚመልስላትስ አለ?